የጋሽ አዛናው ማንጎ ከሰማይ ሲታይ

«የሽመል ሜዳ ከተማ ነዋሪዎች ሆይ! የሰማችሁ ላልሰሙት፣ የነቃችሁ ለተኙት አድርሱ! ነገ መጋቢት ሃያ አምስት ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ፣ በከተማችን ሰማይ ላይ አንዲት በራሪ ካሜራ ትዞራለች። ካሜራዋ የመጣችው የሽንት ቤት ጉድጓዳችሁን ለማየት ብቻ ነው። ከሽንት ቤታችሁ በስተቀር ማንንም አትፈልግም። ስለዚህ መደንገጥ፣ መሸሽ፣ በተለይም መተኮስ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን!»

አዋጁ በባጃጅ ጣሪያ ላይ በታሰረ ድምፅ ማጉያ ከሽንፋ መውጫ እስከ ከብት ገበያው ሦስት ጊዜ ተነበበ። ነጂው «መተኮስ» የምትለዋን ቃል ከጽሑፉ ውጭ በራሱ ፈቃድ እየደጋገመ ይጮህባት ነበር፤ በዚህ አገር ሰማይ ላይ አንድ ነገር ከተንጫጫ ሰው ምን እንደሚያስብ፣ ካሰበ በኋላም እጁ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ሕዝቡ ግን የካሜራዋን ጉዳይ ሲሰማ ትከሻው ረገበ። በጠላ ቤቱ በረንዳ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ «እንዲያው ከላይ ሆነው ሊያዩን ሲያስቡ የመጣላቸው ይኸ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሌላው፣ «ጣሪያ ያለውስ እንዴት ሊሆን ነው?» አለ። ሦስተኛው፣ «ለማንኛውም ነገ አራት ሰዓት ላይ ባንገባ ይሻላል» ብሎ ውይይቱን ዘጋው።

ከከተማው ሁሉ አዋጁን በደስታ የሰሙት ጋሽ አዛናው ብቻ ነበሩ።

ጋሽ አዛናው ሠላሳ ዓመት በአብደራፊ የሰሊጥ እርሻዎች የትራክተር መካኒክ ሆነው ኖረው ሽመል ሜዳ የገቡ ሰው ናቸው። ስምንት ክፍል ሠርተው ለአስተማሪና ለነርስ ያከራያሉ። ካሜራዋን የሚያበርረው ጌች የሚባል የጎንደር ልጅም ለሥራው ሲመጣ ያረፈው ከስምንቱ በአንዷ ነበር። ካሜራዋ የአንድ ሰፊ እርሻ ንብረት ናት፤ ክረምት ክረምት የታመመ ሰሊጥ ስትፈልግ ትከርምና በጋ ሥራ ስትፈታ የከተማው ጤና ሠራተኞች ተዋሷት። ጋሽ አዛናው በዋዜማው ጌችን በረንዳ ላይ ይዘው፣ «እንዲያው ምን ምን ታያለች?» ብለው ጠየቁት።

«ለምለም ነገር ታያለች ጋሼ። ሕይወት ያለው ቅጠል የኛ ዓይን የማያየው ብርሃን ይመልሳል፤ እሷ ያንን ትይዝና ቀይ አርጋ ትስለዋለች። የደረቀው አመድ መስሎ ይቀራል። ከዚያ...»

ከዚያ በኋላ ያለውን ጋሽ አዛናው አልሰሙም። ለምለም ነገር ፈልጋ ከመጣች፣ በሽመል ሜዳ የምትመጣበት ቤት አንድ ብቻ ነው።

እውነትም ነበራቸው። ሚያዝያ ሲቃረብ የሽመል ሜዳ ምድር ሙቀቱ አርባ ሦስት ይገባና ቁራ እንኳ አፉን ከፍቶ የግድግዳ ጥላ ይለምናል። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ይሰነጠቅና የሰው ክንድ እስከ ብብት ይውጣል። ፍየል ካርቶን ትበላለች። እንግዲህ በዚህ መሀል የጋሽ አዛናውን በር የከፈተ ሰው ማመን ያቅተዋል፤ ሳሩ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ፣ ሙዙ በሰልፍ የቆመ፣ ፓፓያው ጡቱን የደረደረ፣ ሎሚው የሚሸት፤ ከሁሉም በላይ ከሽንት ቤቱ ጀርባ አንድ ማንጎ፣ ጥላው ሠርግ የሚያስተናግድ። በማንጎው ግንድ ላይ «ሞዴል አረንጓዴ ግቢ» የሚል የምስክር ወረቀት በመስተዋት ተከቶ ተቸንክሯል። የከተማው ሹም ምንይችል በእጁ የፈረመበት ነው። ጋሽ አዛናው ዝናብ እንዳይነካው ብለው ላስቲክ አልብሰውታል፤ ዝናቡ ሊመጣ ሦስት ወር ቀርቶታል።

ወረቀቱን ላየ ሁሉ ማብራሪያ ነበረው። ማብራሪያው ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፣ ሦስት ክፍልም አለው። አንደኛ፣ ዘሩ፤ ማንጎው ከሽንፋ ወንዝ ዳር በቅጠል ተጠቅልሎ የመጣ ነው። ሁለተኛ፣ አመድና የፍየል በጠጥ፣ እኩል በእኩል። ሦስተኛ፣ ፍቅር። ጋሽ አዛናው በየማለዳው ማንጎውን ቀኝ እጃቸውን ግንዱ ላይ አሳርፈው «እንዴት አደርክ?» ይሉታል። አስተማሪዎች ተማሪዎቻቸውን አምጥተው ይህን በደብተር አስጽፈዋል። ጎረቤቱም ሞክሯል። አመድ የበተነው አመድ አተረፈ፤ አንድ የቆዳ ነጋዴ ደግሞ ለአንድ ወር ዘይቱኑን በየማለዳው ሰላም ሲል ሚስቱ ቄስ ጠራችበት።

«ምነው ለኛ እንቢ አለን ጋሼ?» ሲሏቸው መልሳቸው አጭር ነበር፦

«ከልብ አላላችሁትም።»

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ አዛናው ኮታቸውን ለብሰው ሳሩ መሀል ቆሙ።

«ስርጉት! ይኸን የታጠበ ልብስ ከገመዱ አንሽልኝ!»

ባለቤታቸው እትዬ ስርጉት ከኩሽና አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «አልደረቀም እኮ።»

«ይርጠብ! ካሜራዋ ከሰሊጥ እርሻ ድረስ መጥታ ያንቺን ጉርድ አይታ ትመለስ?»

«አዋጁን አልሰማህም እንዴ? ሽንት ቤት ነው የምታየው።»

«እሱ ለሌላው ነው።»

ካሜራዋ አራት ሰዓት ላይ እንደ ንብ መንጋ እየጮኸች መጣች። ሽመል ሜዳ ከነውሻው ጸጥ አለ። ጋሽ አዛናው ብቻ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው አውለበለቡ። በግቢያቸው ላይ ሁለት ጊዜ ስትዞር አዩ፤ የሌላውን አንድ ጊዜ ነበር ያለፈችው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

በአጥሩ በታች በኩል፣ ጎረቤታቸው አለምነሽ ከጉድጓዷ ውሃ እየቀዳች ነበር። አለምነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከልጅ ልጇ ከብሌን ጋር የምትኖር ሴት ናት፤ ብሌን አራት ዓመቷ ነው፣ ክርስትና ያነሷትም እትዬ ስርጉት ናቸው።

«ልጅቱስ?» አሉ ጋሽ አዛናው፣ ካሜራዋን በዓይናቸው እየሸኙ።

«ተቅማጡ ተመለሰባት ጋሼ። ይኸው ለአራተኛ ጊዜ። ከጤና ጣቢያ የሰጡኝን ዱቄት በጥብጨ ባጠጣትም ሁለት ቀን ሻል ይላትና ያው ነው።»

«በምን ውሃ ነው የምትበጠብጭው?»

«በዚሁ በጉድጓዱ ነዋ።»

«መልካም። እጅ ማስታጠብ ነው እንግዲህ! ስንቴ ልንገርሽ? ንጽሕና ከቤት ይጀምራል፤ ነይና የኔን ግቢ እይ።»

አለምነሽ የሳቸውን ግቢ ቀና ብላ አየችና ተነፈሰች። የማያስቀና አልነበረም።

በሳምንቱ እስከዳር መጣች። እስከዳር የከተማው የአካባቢ ጤና ባለሙያ ናት፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ በሽመል ሜዳ ሁለት ዓመት ኖራ ሰው ሁሉ ሲያያት ሽንት ቤቱ ትዝ ስለሚለው ለሠርግ የሚጠራት የለም። ኮምፒውተሯን በማንጎው ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። ጋሽ አዛናው መነጽራቸውን አደረጉ።

ከተማው ከላይ ታየ። ጣሪያው፣ መንገዱ፣ ሜዳው፣ ሁሉም አመድ ነበር። ከአመዱ መሀል አንድ ቦታ እንደ በርበሬ የቀላ ነገር ተንቦገቦገ።

«ይኸ የኔ ነው?»

«የርስዎ ነው ጋሼ።»

«ከሁሉ ቀይ እኔ ነኝ?»

«ከሁሉ።»

«አንደኛ ማለት ነው?»

እስከዳር ትንሽ አመነታች። «አዎ... አንደኛ ነዎት።»

«ስርጉት! አላልኩሽም! ነይ ቶሎ፣ አንደኛ ወጣን!» ከዚያ ወደ እስከዳር ዘንበል ብለው፣ «ሁለተኛው ማነው?»

«የባየልኝ ሆቴል ጓሮ።»

«ባየልኝ? ያ ሰነፍ? አንድ ቀን እንኳ ዛፍ ሲያጠጣ አይቸው አላውቅም!»

«ችግሩ እሱ ነው ጋሼ፤» አለች እስከዳር በቀስታ። «ሳይጠጣ ነው የሚለመልመው። በዚህ ወር በሽመል ሜዳ የሚቀላ ነገር ሁሉ ከሆነ ቦታ እየጠጣ ነው። ካሜራዋን ያመጣናት ለዚህ ነው። እርስዎ ለማንጎው በቀን ምን ያህል ውሃ ይሰጡታል?»

«አንድ ጆግ። ቧንቧ በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት አገር ሌላ ከየት አመጣለሁ? ዋናው ፍቅሩ ነው።»

«የቀረውን ታዲያ ማን ያጠጣዋል?»

በዚህ ጊዜ ከፊታቸው ያለው የሽንት ቤት በር ተከፈተና ከተከራዮቹ አንዱ፣ የፊዚክስ አስተማሪው፣ ቀበቶውን እያሰረ ወጣ። «እንደምን አረፈዳችሁ» አለ። ከኋላው የደፋው የባልዲ ውሃ «ሿ» ብሎ ወረደ፤ ከመሬት በታች እየተንኳለለ ሄደ፤ ከማንጎው ሥር ሲደርስ ድምፁ ጠፋ።

እትዬ ስርጉት ወደ ኩሽናቸው ተመለሱ።

እስከዳር ጣቷን ቀዩ ላይ አሳረፈች። ቀዩ ክብ አልነበረም። ከሽንት ቤቱ ጀርባ ጀምሮ ማንጎውን ከብቦ፣ ሳሩን ይዞ፣ ወደ ተዳፋቱ እንደ ምላስ ይወርዳል። የምላሱ ጫፍ በአጥሩ ሥር ሾልኮ የአለምነሽን ጉድጓድ ሊልስ ጥቂት ነበር የቀረው።

«የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ማን ሠራው?» አለች።

«እኔ ራሴ።»

ያ እውነት ነበር፤ ሙሉው እውነት ግን ሌላ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ለጉድጓዱ ግድግዳ የተገዛ ሲሚንቶ ነበር። ጋሽ አዛናው ያኔ ዋናውን በር እያሠሩ ስለነበር፣ ከአብደራፊ ያመጧቸውን አራት የነዳጅ በርሜሎች ቂጣቸውን ቆርጠው ደራርበው ቀበሩና አፉን ብቻ በሲሚንቶ ደፈኑት። የቀረው ሲሚንቶ በበሩ ግራና ቀኝ ሁለት አንበሳ ሆኖ ተቀምጧል።

«ለአቶ ምንይችል ነግሬያቸው ነበር፤» ቀጠለች እስከዳር። «‹እኔ የፈረምኩበትን ግቢ ሽንት ቤት ነው ልትይኝ ነው? ሚያዝያ ሃያ ሰባት እንግዶች ከላይ ይመጣሉ፤ ይምጡ፣ ይዩ፣ ይሂዱ። ከዚያ ወዲያ ቀይ ነው ካልሽ ቀይ ይሆናል› አሉኝ። እኔ ማዘዝ አልችልም። እርስዎ ግን የቤቱ ባለቤት ነዎት።»

ጋሽ አዛናው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሞተር የፈታሁ ሰው ነኝ። የሚያፈስ ነገር በድምፁ አውቃለሁ። አንቺ ሰማይ ላይ ወጥተሽ ያየሽውን እኔ መሬት ላይ ሆኜ አጣዋለሁ?»

«እሺ ጋሼ» አለች እስከዳር። ኮምፒውተሯን ዘግታ፣ በሁለቱ አንበሶች መሀል ወጣች።

መካኒክ ግን መካኒክ ነው። የራዲያተር ውሃ እየጎደለ ቀዳዳው ካልተገኘ ውሃው ውስጥ ቀለም ጠብ ይደረጋል፤ ቀለሙ ቀዳዳውን ራሱ ይናገራል። ጋሽ አዛናው ሁለት ቀን ከተብሰለሰሉ በኋላ የሱዳን ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ሄደው ለጣፋጭና ለከረሜላ የሚሆን፣ ቢጠጡትም የማይጎዳ ቀለም ግማሽ ኪሎ ገዙ። ከነበረው ሁሉ ያልተሸጠው አረንጓዴው ብቻ ነበር። ማንም ሳያያቸው ሽንት ቤት ገቡና ገለበጡት፤ በአምስት ባልዲ ውሃ አስከተሉት። ይህን ያደረጉት እስከዳርን ሊያሳፍሩ ነው። ቢያንስ ለራሳቸው የነገሩት እንደዚያ ነው።

በሦስተኛው ቀን አለምነሽ በር ላይ ቆመች። ብሌንን አዝላለች። በእጇ ሳፋ ይዛለች። የሳፋው ውሃ እንደ ሰኔ ሣር አረንጓዴ ነበር።

«ጋሼ፣ ጉድ ፈልቶብኝ ነው የመጣሁት፤ ጠዋት ብቀዳ ይኸን አወጣሁ። አንዳንዱ ጸበል ነው ይለኛል፣ አንዳንዱ መድኃኒት አድርገውብሽ ነው ይለኛል። እኔ ደግሞ ‹ጋሽ አዛናው የማያብራሩት ነገር የለም› ብየ መጣሁ። እስቲ አንቱ ያብራሩልኝ።»

ጋሽ አዛናው ከልማዳቸው የተነሳ አፋቸውን ከፈቱ። «አንደኛ» ሊሉ ነበር። የብሌን ራስ በአያቷ ትከሻ ላይ ተንጋሎ ነበር፤ አንገቷ እንደ ሽንኩርት አገዳ ቀጥኗል፤ በግማሽ በተከፈተ ዓይኗ ማንጎውን ታያለች። ጋሽ አዛናው አፋቸውን መልሰው ዘጉት።

«አትጠጡት፤» አሉ።

«ዛሬን ነው?»

«አትጠጡት። በሱ መድኃኒትም እንዳትበጠብጪ።»

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ?»

ጋሽ አዛናው ሳፋውን ከእጇ ተቀብለው ደፉት። ከዚያ ከቧንቧ የተጠራቀመውን ሁለት ጀሪካን አንስተው፣ በሽመል ሜዳ ዓይን ፊት፣ ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ራሳቸው ተሸክመው ቤቷ ድረስ አደረሱላት። ከተማው ጋሽ አዛናውን ተሸክመው ሲያይ ገረመው፤ ሳያብራሩ ሲያያቸው ግን ደነገጠ። በጠላ ቤቱ፣ «ታመው መሆን አለበት» ተባለ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ምንይችል አንድ ጥቅል ጨርቅ በብብቱ ይዞ መጣ። ሲዘረጋው ሰባት ሜትር ነው፤ አረንጓዴ መደብ፣ ነጭ ጽሑፍ፦ «እንኳን ወደ ሞዴል አረንጓዴ ግቢ በደህና መጣችሁ»።

«አሥራ ስምንት ሰው ነው የሚመጣው ጋሼ። የናሙና ማዕከል ሊያረጉት አስበዋል፤ ከጸደቀ በስምዎ ይጠራል። ማብራሪያውን ወደ አሥራ አምስት ደቂቃ ያሳጥሩልን። የፍቅሩን ክፍል ግን እንዳይነኩት፣ እሱን ይወዱታል።»

ማዕከሉ በስማቸው መጠራቱን ጋሽ አዛናው ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ከዚያ፣ «ምንይችል፣» አሉ፤ «የዚያ የቀዩ ጉዳይስ?»

«የቱ ቀይ?»

«ካሜራዋ ያየችው።»

«ካሜራዋ ተመልሳለች ጋሼ፤» አለ ምንይችል፣ ጨርቁን እየጠቀለለ።

እንግዶቹ ሊመጡ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። ጋሽ አዛናው በማንጎው ሥር ተቀምጠው አሥራ ዘጠኙን ቀን በጣታቸው ቆጠሩ። ለአለምነሽ በየቀኑ ሁለት ጀሪካን እያደረሱ አሥራ ዘጠኝ ቀን ማለፍ ይቻላል። ማን ይጎዳል? ነገር ግን ከአለምነሽ በታች ሌላ ቤት አለ፤ ከሱም በታች። ደግሞ አለምነሽ «አትጠጭ» ሲሏት እሺ የምትል፣ ብሌን ግን ጥም ሲይዛት ያገኘችውን ባልዲ አፏ ላይ የምትደፋ ልጅ ናት። ጣታቸውን መልሰው አጠፉ። ቢናገሩስ? ቢናገሩ አለምነሽ ልጅቱ የታመመችበትን አራቱን ጊዜ መልሳ ትቆጥራለች፤ አራቱንም ጊዜ «እጅ ማስታጠብ ነው» ያሏት ማን እንደሆነ ታስታውሳለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። እሳቸውን እያስመሰገነ ነበር የወሰዳቸው።

በማግስቱ ኸሊፋን ጠሩ። ኸሊፋ ከሱዳን ወሰን ወዲያ ማዶ ተወልዶ ወዲህ ማዶ ያገባ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ ከጋሽ አዛናው ጋር የአብደራፊ ወዳጅ ስለሆኑ አንተ ይባባላሉ። መክደኛውን በዶማ ፈልቅቆ ወደ ውስጥ አየና ሳቁ መጣ።

«ያ ዞል! አንተ ሰው! አዛናው፣ ይኸን ሽንት ቤት ትለዋለህ?»

«ምን ልበለው?»

«ይኸ የማንጎ ጡጦ ነው!»

በርሜሎቹ ዝገው አልቀዋል። በአራቱም አቅጣጫ ዋልካው ተሰንጥቆ ውሃውን ያንቆረቁረዋል። ከማንጎው በኩል ደግሞ የሰው ጭን የሚያህል ሥር በርሜሉን ቀዶ ገብቶ፣ እንደ ጥጃ አንገቱን ደፍቶ ይጠጣል። ጋሽ አዛናው ያን ሥር ለረጅም ጊዜ አዩት። ስንት ማለዳ «እንዴት አደርክ?» ብለውታል። እንዴት እንደሚያድር አሁን አወቁ።

«ሥሩ ካልተቆረጠ ጉድጓዱ አይደፈንም፤» አለ ኸሊፋ መጥረቢያውን እየሳለ። «ግን ከተቆረጠ ዛፉ ኸላስ፣ አበቃለት። እንግዶችህ እስኪሄዱ አይቆይም?»

ጋሽ አዛናው ፊታቸውን ወደ አንበሶቹ አዞሩ።

«ቁረጠው።»

ሥራው ስድስት ቀን ፈጀ። አሮጌው ጉድጓድ ተጠርጎ፣ ኖራ ተነስንሶ፣ በአፈር ተደፈነ። የሽንት ቤቱ በር በምስማር ተመታ። በግቢው ላይኛ ጫፍ፣ ከሰው ጉድጓድ ሁሉ ርቆ፣ ግድግዳውም ሥሩም በሲሚንቶ የተለሰነ ሌላ ተቆፈረ፤ ያለ ውሃ የሚሠራ ነው። ተከራዮቹ አጉረመረሙ። የፊዚክስ አስተማሪው «ወደ ኋላ እየሄድን ነው» ብሎ ሁለት ቀን ተነጫነጨና ለመደው። እትዬ ስርጉት የታጠበውን ልብስ በማንጎው ቅርንጫፍ ላይ ያሰጡ ጀመር።

እስከዳር መጥታ የአለምነሽን ጉድጓድ አስጠርጋ በክሎሪን አከመችው። ከዚያ ጋሽ አዛናው በር ላይ ቆማ፣ «ሪፖርቴ ላይ ልጻፈው?» አለቻቸው።

«ካሜራሽ ቀይ የሌለበትን ግቢ ምን ብላ ትጽፋለች?»

«ምንም። አመድ ነው።»

«እንግዲያ እንደሱ ይጻፍ።»

የቆላ ፀሐይ ምሕረት የላትም። ሣሩ በአምስተኛው ቀን ነጣ። ፓፓያው በስምንተኛው ተገንድሶ ወደቀ። ሙዙ ቅጠሉን እንደ አሮጌ ጃንጥላ አጠፈ። ማንጎው ትንሽ ተከራከረ፤ ከዚያ ማለዳ ማለዳ ቅጠሉን ሲያራግፍ ድምፁ እስከ ቤት ውስጥ ይሰማ ነበር። ጋሽ አዛናው ሰላም ማለታቸውን አልተዉም። መልሱን ግን ከእንግዲህ በፍቅር አልተረጎሙትም።

ሚያዝያ ሃያ ሰባት ቀን ሦስት መኪና ቆመ። አሥራ ስምንቱ እንግዶች በሁለቱ አንበሶች መሀል ገቡ። እግራቸው ሥር ቅጠሉ እንደ ቆሎ ተንኮሻኮሸ። በግቢው ውስጥ አረንጓዴ የነበረው ምንይችል የሰቀለው ጨርቅ ብቻ ነበር። የቡድኑ መሪ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሴት፣ ጽሑፉን አነበቡ፤ ግቢውን አዩ፤ ጽሑፉን ደገሙት።

«ይኸ... ከመጠናቀቁ በፊት ያለው ነው ወይስ በኋላ ያለው?»

ምንይችል ፊቱ ከማንጎው ቅጠል ከፋ። «ጋሽ አዛናው ያብራሩታል! ጋሼ፣ ያብራሩላቸው!»

አሥራ ስምንት ደብተር ተከፈተ። ጋሽ አዛናው ኮታቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ከአጥሩ ማዶ አለምነሽ ታያለች። ስምንቱ ተከራዮች በየበራቸው ቆመዋል፤ ማብራሪያውን በቃላቸው ስለሚያውቁት ከንፈራቸው ሊያግዛቸው ተዘጋጅቷል። ጋሽ አዛናው ዝም አሉ። አንዲት ቅጠል ወደቀች፤ አንዱ እንግዳ ጻፋት።

«ሐዘን ላይ ናቸው!» አለ ምንይችል በድንገት። «አዎ፣ ከባድ ሐዘን። ለማንኛውም እዚህ ያመጣናችሁ ለንጽጽር ነው፤ ቸል የተባለ ግቢ ምን እንደሚመስል። ዋናው ሞዴላችን ወዲህ ነው!» የምስክር ወረቀቱን ከነመስተዋቱ ከግንዱ ላይ ነቀለው። ጨርቁን እየጎተተ፣ እንግዶቹን እየነዳ፣ ከከተማው ሁለተኛ ለምለም ወደሆነው፣ ወደ ባየልኝ ሆቴል ጓሮ ወሰዳቸው። አብራ የመጣችው እስከዳር አንድ ነገር ልትናገር ስትል፣ «ከጉብኝቱ በኋላ!» አላት።

በኋላ እንደተሰማው፣ እዚያ ሁሉም አምሮ ነበር። እንግዶቹ በጥላው ተቀምጠው ምሳ በሉ፤ ከጓሮው ጉድጓድ በተቀዳ ውሃ የተጨመቀ የፓፓያ ጭማቂም ጠጡ። ባየልኝ ምስጢሩን እንዲያብራራ ሲጠየቅ ጢሙን አሻሽቶ፣ «እንዲያው ፍቅር ነው» አለ። በጣም ወደዱት። በማግስቱ ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ በነበራቸው ስብሰባ ከአሥራ ስምንቱ ሰባቱ ብቻ ተገኙ፤ የቀሩት ከማረፊያ ቤታቸው ሽንት ቤት ርቀው መሄድ አልቻሉም አሉ።

ጋሽ አዛናው ያን ቀን እንግዶቹ ከወጡ በኋላ በማንጎው ሥር ተቀመጡ። ሥሩ ጥላ የለውም፤ ፀሐይዋ እንደልቧ ትገባለች። ግንዱ ላይ የምስክር ወረቀቱ ቦታ አራት ማዕዘን ሆኖ ነጥቷል።

አለምነሽ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል መጣች። ብሌን አጥሩን ተንጠላጥላ ወጥታ፣ ወርዳ፣ አንዱን የሲሚንቶ አንበሳ ጋልባ፣ በድንጋይ ጆሮውን ትመታዋለች።

«ተይ አንቺ!» አለች አለምነሽ። «ይኸውልዎ ጋሼ፣ ስትታመም ‹አምላኬ ተነስታ ትረብሸኝ› ብየ ተሳልኩ፤ አሁን ስለቴን ማን ይመልስልኝ? ሁለት ሳምንት ሙሉ ሆዷን አላመማትም።»

«እሰይ።»

«ውሃውም ነጣ።»

«እሰይ።»

አለምነሽ በምስማር የተመታውን በር አየች። አዲስ የተደፈነውን አፈር አየች። ከአፈሩ እስከ ጉድጓዷ ያለውን ተዳፋት በዓይኗ ወረደችው፤ መልሳ ወጣችው። ከዚያ ማንጎውን ቀና ብላ አየች።

«ልጅቱ ዳነች፣ ውሃው ጠራ፣ ይኸ ደረቀ። ሁሉም በአንድ ወር። ነገሩ ይገናኛል እንዴ ጋሼ?»

ጋሽ አዛናው ከጉልበታቸው ላይ ቅጠል አራገፉ።

«አላብራራም።»

«እንዴ! አንቱ?»

«አላብራራም አልኩ አለምነሽ።»